ስለ መኪናችን ፍሬን፦ በጥቂት ገንዘብ ምን ማሻሻል ይቻላል?

(በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በንግግር የቀረበ)



በዛሬው ስብሰባ እንድንነጋገርበት የተመረጠው ጉዳይ የፍሬን ጉዳይ ነው። ርእሱ በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ «እኛ መኪና የለን፣ ምን አገባን?» ስትሉ ተሰምታችኋል። ነገሩ ግን ይበልጥ የሚያገባው መኪና የሌለውን ሰው ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው የታወቀ ነው። ፍሬኑ የደከመ መኪና ባለቤቱን ከመጉዳቱ በፊት የሚያገኘው መንገድ የሚሻገረውን ሰው ነው። የእኛ ሰፈር ደግሞ ምን ዓይነት እንደ ሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ከመርካቶ ሸክም ይዞ የሚወጣው ተሸካሚ፣ ጋሪ የሚገፋው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን፣ በየወሩ በ24 ደግሞ ነጠላውን አጣፍቶ ለተክለ ሃይማኖት የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ የሚሄደው በአስፋልቱ ላይ ነው። የእግረኛው መንገድ በዕቃ ተይዟላ! ምን ያድርግ?

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው የማኅበሩ አባላት ከመካከላችን በጋራዥ የሚሠሩ፣ በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጡና ብዙ ዘመን መሪ የጨበጡ ይገኙበታል። የምንናገረውም በተለይ ከፍ ከፍ ስላሉት፣ በልማድ ጂፕ ስለምንላቸው መኪኖች ነው፤ ይኸውም ቪታራ፣ ራቭ ፎር፣ ፓጄሮ፣ ፓትሮል፣ ላንድ ክሩዘርና የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ መኪኖች ከባድ ናቸው፤ ቁመታቸውም ረጅም ነው፤ ሲቆሙ ክብደታቸው ሁሉ ወደ ፊት ይደፋል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ አርጅተዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ወጣ። ከዚህ የተነሣ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ጂፕ በየደጃችን ቆሟል፤ ባለቤቱም ለውጦ አዲስ ለመግዛት አቅም የለውም። ያለውን አጥብቆ መያዝ ነው እንግዲህ።

«ፍሬን ማሻሻል» ሲባል ብዙ ወጣቶች የሚታያቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሚያብረቀርቅ ዲስክና ቀይ ቀለም የተቀባ ካሊፐር ነው። በዚህ አንስማማም። ያረጀ መኪና ላይ በጥቂት ገንዘብ የሚገኘው ትልቁ ማሻሻያ መጀመሪያ ፋብሪካው የሰጠውን ፍሬን መልሶ ማግኘት ነው። ያንን መልሶ ያላገኘ ሰው ውድ ዕቃ ቢገዛ የተቀደደ ጣሪያ ሥር አዲስ ምንጣፍ እንዳነጠፈ ይቆጠራል።

ለመሆኑ ፍሬን ሥራው ምንድን ነው? የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፍሬኑ ደኅና ከሆነ በደረቅ አስፋልት ላይ ሌላ 5 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን ፍሬኑን ሳይረግጥ 14 ሜትር ይሄዳል፤ ከረገጠም በኋላ ሌላ 14 ሜትር ይፈልጋል። አንደኛው በ13 ሜትር ሲቆም ሁለተኛው 28 ሜትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህም ፍሬኑ ጤነኛ ሲሆን ነው። ፍሬኑ ግማሽ ኃይሉን ካጣ ከረገጠ በኋላ የሚሄደው 14 ሜትር 28 ይሆናል። በሰፈራችን 14 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቆም ከዚህ ስትወጡ ቁጠሩት።

የከተማችን ከፍታ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ የምንለው ክብ ጣሳ የሚሠራው በዚሁ በአየር ግፊት ነው። በአንድ ወገን ሞተሩ አየሩን ይስብለታል (በናፍጣ መኪና ይህን የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ አለች)፤ በሌላው ወገን የውጭው አየር ይገፋዋል። የውጭው አየር ሲሳሳ ግፊያው ይቀንሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ በቀላሉ የሚያቆም ፍሬን እዚህ ሲደርስ እግር ይፈልጋል። ሰርቮው ትንሽ እንኳ ከታመመ ጉዳቱ ከቆላው ይልቅ እዚህ ይብሳል። መመርመሪያው በነፃ ነው፦ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡት፤ ሲጠነክር እንደ ረገጣችሁት ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ወረድ ካለ ሰርቮው ይሠራል፤ ካልወረደ ወይ ጣሳው ወይ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ችግር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተሰነጠቀ ቱቦ ነው፤ ዋጋውም ከጣሳው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ «ሰርቮው ሞቷል፣ ይለወጥ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ቱቦውን አሳዩን በሉ።

አደጋ በደረሰ ቁጥር «ፍሬን በጥሶ ነው» እንላለን። አባባሉ ፍሬን በገመድ ይሳብ ከነበረበት ዘመን የቀረ ይመስለናል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ግን እንደ ገመድ ድንገት አይበጠስም። አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ሙሉ ሲናገር ቆይቶ ነው የሚጥለን። ፔዳሉ ሲለሰልስ፣ ሲጮህ፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲጎትት፣ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ሲጎድል፣ ይህ ሁሉ ንግግር ነው። «ቦሎ አለኝ» ማለትም መልስ አይሆንም። ቦሎ በተለጠፈበት ቀን ስለ ነበረው ፍሬን ይመሰክር ይሆናል፤ ከስድስት ወር በኋላ ስላለው ግን ምንም አይናገርም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉም አስቀድሞ የፍሬን ዘይት ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የሚጠጣ ነው፤ ማጠራቀሚያው ቢከደንም ቀስ በቀስ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ሳይቀር ይገባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ 155 ነው። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ፍሬኑ ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆንና ፔዳሉ እንደ ነበረው ይሆናል። ለዚህ ነው ጋራዥ ሲደርስ በሽታው የሚጠፋው።

አንድ የሰፈራችን ሰው ይህ ደርሶባቸዋል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የቪታራቸው ፔዳል ከዳቸው፤ በማርሽና በእጅ ፍሬን ከመንገድ ዳር አቆሙት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍሬኑ ደኅና ሆኖ አገኙት። የሄዱበት ጋራዥ ዋናው ፖምፓ ነው ብሎ አስለወጣቸው፤ ብዙ ገንዘብ ወጣ። በሚቀጥለው ቁልቁለት ያው ደገመ። በኋላ ከመካከላችን አንዱ የማጠራቀሚያውን ክዳን ሲከፍት ዘይቱ እንደ አቦል ቡና ጠቁሮ ተገኘ። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በአዲስ ዶት 4 ሲተካ ነገሩ በዚያው አበቃ።

ዶት 3 ያለበት መኪና ላይ ዶት 4 ማድረግ ይቻላል፤ በርካሽ ከሚገኙት ማሻሻያዎች አንዱ ይኸው ነው። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልምና አትንኩት። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባል። የተከፈተ ጠርሙስ ለከርሞ አይቀመጥም፤ እሱም ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተባብሮ ቢገዛና በአንድ ቀን ቢለውጥ ይሻላል። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ «ለጊዜው» የሚጨምር ሰው ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት። ጎሚኒዎቹ ሁሉ አብጠው ይበላሻሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ወጪ ከዘይት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

አየሩን ስታስወጡ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ብሎኑን ይከፍታል ይዘጋል። ባረጀ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አትርገጡ። ፖምፓው ዘወትር የማይደርስበት ቦታ ላይ ዝገት ይኖራል፤ ጎሚኒው እዚያ ሲደርስ ይቀደዳል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማስቀመጥ በቂ ነው።

ሁለተኛው የኋላው ታምቡር ነው። የብዙዎቹ ጂፖች የፊት ፍሬን በዲስክ፣ የኋላው በታምቡር ነው። በታምቡሩ ውስጥ ሸራው በተበላ ቁጥር ራሱን የሚያስጠጋ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በአቧራና በዝገት ተይዞ መሥራቱን ሲያቆም ፔዳሉ እየወረደ ይሄዳል፣ የእጅ ፍሬኑም እስከ ላይ ይሳባል። ሰዉ ግን የፊቱን ብቻ ሲለውጥ ይኖራል። ታምቡሩን ከፍቶ ማጽዳት፣ ማስጠጊያውን ማላላትና ማስተካከል ከጉልበት በቀር ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አያስወጣም፤ በፔዳሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን የሚያስገርም ነው። አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በድሮ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ይገባ ነበር፤ አሮጌ ሸራ ከምን እንደ ተሠራ ደግሞ በዓይን አይለይም። ሕፃናትም ከዚያ አካባቢ ይራቁ።

ስለ ኋላው ከተነሣ፣ መኪናቸውን በባሌስትራ ወይም በሞላ ከፍ ላደረጉ ሰዎች አንድ ነገር እንንገር። በሂሉክስና በአንዳንድ ላንድ ክሩዘሮች ከኋላ ዘንጉ በላይ የተጫነውን ክብደት የምትለካ፣ በዘንግ የተያያዘች አንዲት ቫልቭ አለች። መኪናው በጭነት ዝቅ ሲል ለኋላ ጎማዎች ብዙ ግፊት ትሰጣለች፤ ከፍ ሲል ትቀንሳለች። መኪናውን ከፍ ስታደርጉት ባዶ መስሏት የኋላውን ፍሬን ትነፍጋለች። ዘንጓ አብራ መስተካከል አለባት። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ጥቂት ነው፤ ጠይቁ። ትልልቅ ጎማም እንደዚሁ ነው፤ ጎማው ሲሰፋና ሲረዝም ለፍሬኑ ሥራ ያበዛበታል። ለውበት ተብሎ የተገዛ ጎማ ፍሬንን ያዳክማል። ያለቀ ጎማ ደግሞ ጭራሹን ሌላ ነው፤ መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው መያያዝ ስለሆነ፣ የተላጨ ጎማ ይዞ ፍሬን ማሻሻል በተለይ በክረምት ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የፊቱ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ሲደርቁ አንዱ ሸራ ብቻ ይበላል፤ አንዱ አልቆ ብረት ሲነካ ሌላው ገና አዲስ ነው። ፒኖቹን አውጥቶ ማጽዳትና ለፍሬን የተሠራውን ግሪስ መቀባት ነው፤ ተራው ግሪስ ጎማውን ያሳብጣል። የጎማ ቱቦዎቹን ጎንበስ አድርጋችሁ እዩ፤ ስንጥቅ ካለባቸው፣ ወይም ሲረገጥ ካበጡ፣ ይለወጡ። አንዳንዴ ቱቦው ከውጭ ደኅና ሆኖ ከውስጥ ይደፈናል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም፣ ቸርኬው ይግላል።

ሸራ ስትገዙ ከጀርባው ወይም ከጠርዙ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈው ታገኙ ይሆናል። የመጀመሪያው ሸራው በተለመደው ሙቀት፣ ሁለተኛው በጣም ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ያመለክታል። «ኢ» ከ«ኤፍ» ያንሳል፤ «ኤፍ» ከ«ጂ» ያንሳል። ለከባድ መኪና «ኤፍ ኤፍ» ያለበት ሸራ ከ«ኢ ኢ» ይሻላል፤ የዋጋው ልዩነትም ከዲስክ ለውጥ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ዝቅ ካለ ሸራው ሲግል ይከዳል ማለት ነውና ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አይውሰደው። ፊደሉ ስለ ጥንካሬና ስለ ዕድሜ አይናገርም፣ ሐሰተኛ ካርቶን ላይም ይጻፋል፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ገበያው ቅርባችን ነው፤ ሶማሌ ተራ በእግር ይደረሳል። በነገራችን ላይ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደዚህ አዛውሮ መርካቶን ሲመሠርት ቃሉንም ትቶልን ሄደ። ወደ ነገራችን እንመለስና፣ ስትገዙ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ «የቪታራ ስጠኝ» ማለት አይበቃም፣ በየዓመተ ምሕረቱ ይለያያልና። ሸራ ለአንድ ወገን ብቻ አይለወጥም፤ ግራና ቀኙ በአንድነት ነው። ከተፈታ መኪና የወጣ ዲስክ ወይም ካሊፐር አያሳፍርም፤ ዲስኩ በጠርዙ ወይም በመካከሉ ላይ በሚሊ ሜትር የተቀረጸ ዝቅተኛ ውፍረት አለው፣ በካሊበር ለክታችሁ ከዚያ በላይ ከሆነ ውሰዱት። ካሊፐሩ በአዲስ ጎሚኒ ይታደስ። ያገለገለ የጎማ ቱቦና ያገለገለ ሸራ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ቶርኖ ቤት ዲስክ ወይም ታምቡር ስታስጠርቡም ያችን ቁጥር አሳዩአቸው፤ ታምቡሩ ላይ የተጻፈው ከዚያ በላይ እንዳይሰፋ የሚከለክለው ወርድ ነው።

«ትልቅ ካሊፐርስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። አንድ ፋብሪካ ለከባዱ ዓይነት የሚያደርገውን ትልቅ ካሊፐር በቀላሉ ዓይነት ላይ መግጠም የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ከተፈታ መኪና ከተገኘም ዋጋው የሚቻል ነው። ነገር ግን ቸርኬው ውስጥ መግባቱን፣ ዲስኩም አብሮ መለወጡን፣ የፖምፓው መጠን መብቃቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል፤ ትልቅ ካሊፐር ብዙ ዘይት ስለሚጠጣ ትንሽ ፖምፓ ፔዳሉን ረጅም ያደርገዋል። የፊቱ ብቻ ሲበረታ ደግሞ የፊትና የኋላው ሚዛን ይዛባል። በብየዳና በፈለካ እንገጥመዋለን ለሚል ሰው መኪናችሁን አትስጡ። የተቀዳደደውን ዲስክ በተመለከተ፣ ርካሹ ዓይነት ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ ደኅናው ሙሉ ዲስክ ለእኛ መንገድ ይበቃል።

አሁን የነገርናችሁ ሁሉ ተሠርቶም ቁልቁለት አለ። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ያንኑ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ አከታትሎ ከማቆም ጋር ይተካከላል። ይህን የሚችል የቤት መኪና ፍሬን የለም፤ በገንዘብም አይገዛም። የሚችለው ሞተሩ ነው። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፤ ማርሹን ከቁልቁለቱ በፊት ቀንሱ፤ አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው። ፍሬኑን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ቶሎ ልቀቁ እንጂ እግራችሁን አሳርፋችሁበት አትውረዱ። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ማርሽ ነፃ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ካያችሁ፣ ተሳፋሪም ብትሆኑ ተናገሩት።

አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ መለማመጃ ይፈልጋል። ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፈጽሞ ሳትቆሙ አሥር ጊዜ ያህል በልኩ ፍሬን ያዙ፤ በየመካከሉ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። ይህ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ጭር ያለ ሰፊ መንገድ ፈልጉ። በመጀመሪያዎቹም ቀናት ፍሬኑ ገና አልተስማማምና ርቀት ጠብቁ።

ማኅበራችን ይህን ሁሉ በቃል ብቻ እንዲቀር አልፈለገም። ከመካከላችን ሙያው ያላቸው አባላት በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከቀትር በኋላ የሰፈሩን መኪኖች በነፃ ለማየት ተስማምተዋል፤ ዘይቱን፣ የሸራውን ውፍረት፣ ቱቦዎቹንና የእጅ ፍሬኑን ያያሉ፤ ምን መለወጥ እንዳለበትና ምን መቆየት እንደሚችል በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ፤ ዕቃ አይሸጡም፣ ወደ አንድ ሱቅም አይመሩም። የፍሬን ዘይት በጋራ መግዛት የሚፈልጉ ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ። ለምርመራ የሚመጣ ሰው የራሱን ክሪክና የጎማ መፍቻ ይዞ ይምጣ፤ ከጎማው ሥር የሚደረግ ድንጋይ ወይም እንጨትም አይርሳ፤ ቦታው ተዳፋት ነውና።